አዲሱ ሞዴል እስኪመጣ እንጠብቅ ወይስ የታዘዘውን እንረከብ?

በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ሲናገሩ፣ የከተማው ወሬ በሁለት ጥያቄዎች ላይ ያተኮረ ነበር። መብራት በየጊዜው በሚጠፋበት አገር መኪናው በምን ይሞላል? ቢበላሽስ ማን ይጠግነዋል? ሁለቱም ጥያቄዎች ዛሬም ሙሉ መልስ አላገኙም። መኪናው ግን መልሱን ሳይጠብቅ ገብቷል። አሁን ደግሞ ሦስተኛ ጥያቄ ይዞብን መጥቷል። መኪና አዝዞ፣ ከዋጋው ብዙውን ከፍሎ የሚጠባበቅ ሰው ዕቃው ሞጆ ደረቅ ወደብ ሳይደርስ «የተሻሻለው ሞዴል ከጥቂት ወራት በኋላ ይመጣል» የሚል ወሬ ይሰማል። ያዘዘውን ይረከብ ወይስ አዲሱን ይጠብቅ?

«ይህ የባለጸጎች ጭንቀት ነው» የሚል አንባቢ ይኖራል። አይመስለኝም። በደመወዝ ለሚኖር መሐንዲስ፣ ሐኪም ወይም የሒሳብ ባለሙያ መኪና ከቤት ቀጥሎ በዕድሜው የሚገዛው ትልቁ ዕቃ ነው። የአሥርና የአሥራ አምስት ዓመት ቁጠባ በአንድ ፊርማ የሚወጣበት ጉዳይ እንደ ቅንጦት ሊታይ አይገባውም።

ጥያቄው ለእኛ አዲስ የሆነበት ምክንያትም አለ። እኛ መኪናን እንደ መሬት ስናየው የኖርን ሰዎች ነን። አሮጌ ኮሮላ የገዛ ሰው አምስት ዓመት ነድቶት ከገዛበት አስበልጦ ይሸጠዋል። ቪትዝ ለብዙዎች ባንክ ነበረች። መኪናው እያረጀ ዋጋው የሚወጣበት አገር ውስጥ «የዘንድሮው ሞዴል ከዓምናው በምን ይለያል?» ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። የኤሌክትሪክ መኪና ግን ጠባዩ ከኮሮላ ይልቅ ወደ ሞባይል ስልክ ያደላል። የባትሪው፣ የቻርጅ ፍጥነቱና የሶፍትዌሩ ነገር በየወሩ ይለዋወጣል።

መኪናው ከሚሠራበት ከቻይና የምንሰማውን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ቴስላ በቻይና ዋጋ ሲቀንስ፣ ከጥቂት ሳምንታት በፊት በውድ የገዙ ደንበኞች ወደ መሸጫ ክፍሎቹ ሄደው ተቃውሞ አሰምተዋል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 ዚከር የተባለው ኩባንያ በዓመቱ መጀመሪያ ያሻሻለውን ሞዴል እንደገና አሻሽሎ ሲያወጣ ገዥዎቹ ተቆጡ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 ቢዋይዲ አሽከርካሪን የሚያግዘውን ሥርዓት ትንሿን ሲጋልን ጨምሮ በብዙ መኪኖቹ ላይ ያለ ዋጋ ጭማሪ ሲገጥም፣ በቀደመው ሳምንት የተረከበው ሰው ምን እንደተሰማው መገመት አይከብድም። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ደግሞ በ5 ደቂቃ ቻርጅ 400 ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ ቴክኖሎጂ አስተዋወቀ። በግንቦት 22 ሞዴሎች ላይ እስከ 34 በመቶ የሚደርስ ቅናሽ አደረገ። እንዲህ ባለ ገበያ የሚጠብቅ ሰው ሁልጊዜ የሚጠብቀው ነገር አያጣም። ለቻይናዊው ገዥ መጠበቅ ኪሳራ የለውም፤ ገንዘቡ በእጁ ነው፣ ዋጋው ወደ ታች ይሄዳል፣ አሮጌ መኪናውንም እየነዳ ይቆያል። እኛ ዘንድ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው።

ይህን እንዳሰላስል ያደረገኝ የአንድ ወዳጄ ጉዳይ ነው። ሰውየው የመንዝ ሰው ነው። አዲስ አበባ ሠላሳ ዓመት ቢኖርም እናቱ ያሉት ከመሐል ሜዳ አለፍ ብሎ ጓሳ አጠገብ ነው። በሕጋዊ ደረሰኝ፣ በጽሑፍ ውል፣ በቁርጥ ዋጋ አንድ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ያላት መኪና አዝዟል። የመረከቢያው ቀን ሊደርስ ሲል ሻጩ ደወለለት። «አዲሱ መጥቷል፤ ባትሪው 70 ነው፤ ቻርጅ የሚያደርገውም በግማሽ ሰዓት ነው። አራት ወር ብትታገሥ ወደሱ እናዛውርልሃለን፤ አንድ ወረቀት ብቻ ትፈርማለህ» አለው። ወዳጄ ወደ እኔ የመጣው ያቺን አንድ ወረቀት ይዞ ነው። «አንተ ሕጉን እይልኝ፣ የባትሪውን ነገር እኔ አውቃለሁ» አለኝ። እኔ ግን መጀመሪያ የጠየቅሁት ስለ ባትሪው ነው።

መኪናዋን ለምን ትፈልጋታለህ? ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከቤት ቢሮ፣ ከቢሮ ቤት ነው። በዚህ አገልግሎት 60ም ሆነ 70 ያው ናቸው፤ በሳምንት አንድ ሁለት ሌሊት በቤት ሶኬት ትሞላለች። ወዳጄም ይህን አልካደም። «ነገሩ የጓሳ መንገድ ነው» አለ። እንግዲያው የጓሳን መንገድ እንቁጠረው።

ከአዲስ አበባ ጓሳ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 130 ኪሎ ሜትር ሄደው ደብረ ብርሃን ይገባሉ፣ ታርማ በር ላይ የደሴውን መንገድ ለቀው በግራ በኩል በመዘዞና በሞላሌ አድርገው መሐል ሜዳ ይደርሳሉ። ዳገት መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ዳገቱ ምን ያህል ይበላል የሚለው ግን ብዙ ጊዜ በግምት የሚወራ ነገር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ጓሳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። ከነሰዎቹ ሁለት ቶን የምትመዝን መኪናን አንድ ሺሕ ሜትር ሽቅብ ለማንሳት የሚያስፈልገው ጉልበት አምስት ተኩል ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው፤ የሚባክነው ሲጨመር ስድስት እንበለው። ይህ ከስልሳው አንድ አሥረኛ ነው። ሲመለሱ ደግሞ ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩ እንደ ጀነሬተር እየሠራ የተወሰነውን ወደ ባትሪው ይመልሰዋል። ደጋው ሌላም ውለታ አለው። የነዳጅ ሞተር ከፍታ ላይ አየር አጥሮት ሲያቃስት፣ የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ጉልበቱ አይቀንስም። ታርማ በር ላይ አሮጌ ሚኒባስ ስታጣጥር ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ከኩባንያው ብሮሹር ሳይሆን ከእውነተኛ መንገድ ተነስተን በ100 ኪሎ ሜትር 17 ኪሎ ዋት ሰዓት ትበላለች ብንል (የቻይናው መለኪያ በጣም ቸር ነው፤ በእሱ የተጻፈውን ርቀት አምኖ መንገድ የሚወጣ ሰው መንገድ ላይ ይቀራል) 260 ኪሎ ሜትሩ 44፣ ዳገቱ 6፣ በድምሩ 50 ይሆናል። የወዳጄ መኪና 10 ይዛ ትደርሳለች ማለት ነው። አዲሷ 20 ይዛ ትደርሳለች። ለመመለስ 40 እና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። መሐል ሜዳ ፈጣን ቻርጀር ጠብቆ የሚሄድ ሰው የለም፤ ያለው የቤት ሶኬት ነው። የቤት ሶኬት በ10 አምፒር ሌሊቱን ሙሉ፣ መብራት ካልጠፋ፣ 20 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢሰጥ ነው። የቀድሞዋ ሁለት ሌሊት አድራ 50 ይዛ በሰላም ትመለሳለች። አዲሷ አንድ ሌሊት ብቻ ብታድር 40 ይዛ ትነሳለች፤ ያ ደግሞ ልብ ተንጠልጥሎ የሚነዳ መንገድ ነው። ስለዚህ እሷም ሁለት ሌሊት ታድራለች። ለገና አገሩ ገብቶ በማግስቱ ልመለስ የሚል ልጅ እናቱ የሚሉትን ወዳጄ ያውቀዋል። ያ የ10 ኪሎ ዋት ሰዓት ጭማሪ የጓሳን መንገድ በአንድ ሌሊት እንኳ አያሳጥረውም። በግማሽ ሰዓት ቻርጅ ማድረጓም ፈጣን ቻርጀር ባለበት የሚጠቅም ነገር ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. ፈጣን የቻርጅ ጣቢያ የከፈተው አዲስ አበባ ውስጥ ነው፤ ወዳጄ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ፈጣን ቻርጅ አያስፈልገውም።

በዚህ ላይ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል የተነሳው ግጭት ሰሜን ሸዋንም አልማረም። ወዳጄ ባለፉት ዓመታት እናቱን ያየበትን ቀን የወሰነው የባትሪ መጠን አይደለም፤ የመንገዱ ሁኔታ ነው።

እንግዲህ መጠበቅ መጥፎ ነገር ነው እያልኩ አይደለም። ጓሳን ካነሳን፣ የመንዝ ሰው መጠበቅን ለማንም አስተምሮ የሚተርፈው ሕዝብ ነው። የጓሳ ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለብዙ ነገር ይሆናል። ያን ሣር ለመጠበቅ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቄሮ የሚባል ሥርዓት ነበራቸው (ቃሉን ከቅርብ ጊዜው ፖለቲካ ጋር የምታገናኙ አንባቢዎች ግንኙነት እንደሌለው ልብ በሉ)። ቦታው ለሦስትና ለአምስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይዘጋል። ሣር ማጨድም ሆነ ከብት ማሰማራት አይቻልም። ሣሩ ሲደርስ በበጋው ወራት ይከፈታል፤ ክረምቱ ሲገባ እንደገና ይዘጋል። የየካቲት 1967ቱ አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሲያደርግ ያ የርስት ሥርዓት ፈረሰ፤ ኋላ ግን ኅብረተሰቡ በኮሚቴ ተደራጅቶ ጥበቃውን ቀጠለ። ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ለማየት ቱሪስት የሚሄድበት ጓሳ የተረፈው በዚህ ነው።

የሕግ ሰው ዓይን በዚህ ሥርዓት ላይ የሚያርፍበት ቦታ አለ። በቄሮ ጊዜ መጠበቅ ለሁሉም እኩል ነው። መድረሱን የሚወስነው ሣሩን ሄዶ ያየ ሰው ነው፤ የሚከፈትበት ቀን በአደባባይ ይነገራል። ጠባቂው እስኪከፈት ድረስ ሀብቱ ይለመልማል እንጂ አያንስም። የወዳጄ አራት ወር ከእነዚህ አንዱንም አያሟላም። አዲሱን ሞዴል ያየው የለም። ቀኑን የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው። ገንዘቡ ደግሞ ተዘግቶ ሲቀመጥ አይለመልምም።

የገንዘቡን ነገር ትንሽ ልቆይበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። በ2018 መግቢያ ላይ 140 ብርን አልፎ ነበር። በዚያ ሐምሌ «ትንሽ ልጠብቅና የተሻለውን እወስዳለሁ» ያለ ሰው፣ ቻይና ውስጥ መኪናው ሲረክስ እሱ ዘንድ በብር ተወድዶ አገኘው። ዋጋው በዩዋን አንድ አምስተኛ ቢቀንስ እንኳ ብሩ በዚያው ጊዜ ከግማሽ ያህል ዋጋው ከወረደ ቅናሹ ለገዥው አይደርስም። ቀረጥ የሚሰላውም በምንዛሪው ዕለታዊ ዋጋ ነው። የታክሱም ነገር አለ። በ2014 ዓ.ም. ገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ መኪናን ከኤክሳይስ፣ ከተጨማሪ እሴት ታክስና ከሱር ታክስ ነፃ ሲያደርግ፣ ተገጣጥሞ በሚገባው ላይ 15 በመቶ፣ በከፊል ተገጣጥሞ በሚገባው ላይ 5 በመቶ ቀረጥ ብቻ አስቀርቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተበታትኖ የሚገባውን ከቀረጥም ነፃ አድርጎ ነበር። በአስተዳደር ውሳኔ የተሰጠ ማበረታቻ በአስተዳደር ውሳኔ ሊነሳ ይችላል። ቁርጥ ዋጋ ያለው ውል በእጁ የያዘ ሰው ከእነዚህ ሁለት አደጋዎች የሚጠለልበት ጣራ አለው። ጣራውን አፍርሶ ወደ ሜዳ የሚወጣበት ምክንያት ከ10 ኪሎ ዋት ሰዓት የበለጠ መሆን አለበት።

አሁን ወደ ወረቀቱ። አንድ ገጽ ናት። «ደንበኛው ባቀረበው ጥያቄ መሠረት» ብላ ትጀምራለች። የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህች ሐረግ ውስጥ ነው።

በመጀመሪያው ውል ሻጩ በተወሰነ ቀን ለማስረከብ ግዴታ ገብቷል። ቀኑ ካለፈ ወዳጄ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ እንዲፈጸምለት ወይም ውሉ እንዲሰረዝ፣ ኪሳራም ካለ እንዲካስ የመጠየቅ መብት አለው። ከከፈለው ገንዘብ ውስጥ በቀብድ ስም የተሰጠ ካለ ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 ግልጽ ነው፤ በሌላ አኳኋን ካልተስማሙ በቀር ቀብድ የሰጠው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ወረቀቷ ስትፈረም ግን አሮጌው ግዴታ በአዲስ ይተካል። የሻጩ መዘግየት የገዥው ጥያቄ ይሆናል። የድሮው ቀን ይጠፋል፤ በምትኩ «አራት ወር ገደማ» የሚል ይገባል። ቁርጥ ዋጋው ይጠፋል፤ በምትኩ «በወቅቱ በሚኖረው የምንዛሪ ዋጋ መሠረት ሊስተካከል የሚችል» የሚል ይገባል። ሻጩ በስልክ የተናገረው «አንድ ብር አንጨምርም» የሚለው ቃል ወረቀቷ ላይ የለም። በአንቀጽ 2005 እና በ2006 መሠረት በጽሑፍ የሰፈረን ስምምነት በምስክር ማስተባበል አይቻልም። ስለዚህ ያ የስልክ ቃል ፍርድ ቤት ሲደርስ ነፋስ ነው።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ለወዳጄ አንድ ጥያቄ ሰጥቼ ሻጩ ዘንድ ላክሁት። «መኪናዬ አሁን የት ነች?» ብለህ ጠይቅ አልኩት። የሻሲ ቁጥሯን፣ የተጫነችበትን ሰነድ አሳየኝ በል። መልሱ ሁለት ቀን ፈጀ። መኪናዋ ከቻይና አልተነሳችም። የተሻሻለው ሞዴል ወሬ የመጣው ማሻሻያውን ተከትሎ አይደለም፤ መዘግየቱን ተከትሎ ነው።

ሁሉም ሻጭ እንዲህ ያደርጋል ማለቴ አይደለም። በእውነት ለደንበኛው አስቦ የሚደውልም ይኖራል። ልዩነቱን ለማወቅ ልብ ማየት አያስፈልግም፤ ወረቀቱን ማየት ይበቃል። ለገዥው ያሰበ ሻጭ የመጀመሪያውን ዋጋ በአዲሱ ውል ላይ ያስቀራል፣ ቁርጥ ቀን ይጽፋል፣ ቀኑ ቢያልፍ የሚከፍለውን መቀጫ ይጽፋል፣ ገዥው ሐሳቡን ቢቀይር ገንዘቡ በስንት ቀን እንደሚመለስ ይጽፋል። ይህን ሁሉ ለጻፈ ሻጭ አራት ወር መጠበቅ ላያስከፋ ይችላል።

መጠበቅ የሚገባበት ጊዜም እንዳለ አልክድም። በኋላ ሊጨመር የማይችል ነገር ሲሆን ይጠበቃል። ለምሳሌ የቻርጅ ማድረጊያው ቀዳዳ። ለቻይና ገበያ የተሠሩ መኪኖች የቻይናን ዓይነት ቀዳዳ ይዘው ይመጣሉ፤ ለአውሮፓ የተሠሩት ሌላ ነው። ባለቤቱ በየቀኑ የሚቆምበት ጣቢያ የትኛውን ገመድ እንደያዘ ሳያይ መግዛት የለበትም። ዋስትናውም እንደዚያው ነው። በአምራቹ ወኪል በኩል የሚገባው መኪና ዘግይቶ ቢመጣ፣ ወኪል ባልሆነ አስመጪ ከሚመጣው ፈጣን ይሻላል፤ ከመኪናው ውዱ ባትሪው ነውና ባትሪው ሲታመም የሚሄዱበት በር ያስፈልጋል። ስክሪኑ ቻይንኛ ብቻ የሚናገር፣ ካርታው የሚያውቀው ቤጂንግን ብቻ የሆነ መኪናም ቋንቋው እስኪስተካከል መጠበቅ ነውር የለውም። በተረፈ ግን የድምፅ ማጉያው ቁጥር፣ ሰፊው ስክሪን፣ በራሱ የሚያቆመው መሪ የመሳሰለው ሁሉ ለአራት ወር ታክሲ ሰልፍ የሚያበቃ ምክንያት አይመስለኝም።

አንድ ነገር ግን ለገዥው ጥንቃቄ ብቻ የሚተው አይደለም። የ2012 ዓ.ም. የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለን የነዳጅ መኪና ዕድሜ እየቆጠረ ታክሱን ከፍ ያደርግ ነበር፤ አሮጌ እንዳይራገፍብን ታስቦ ነው። ለኤሌክትሪክ መኪና ማበረታቻው ሲሰጥ የተጠየቀው ኤሌክትሪክ መሆኑ ነው። አምራቾች በየመንፈቁ ሞዴል በሚለውጡበት ገበያ ደግሞ ያልተሸጠ የዓምና ክምችት አንድ ቦታ መሄዱ አይቀርም። አዲስ አበባ ሲደርስ ኪሎ ሜትሩ ዜሮ ስለሆነ «አዲስ» ይባላል። ባትሪው ግን ቆሞም ቢሆን ያረጃል። የምርት ወሩ፣ የባትሪው የተሠራበት ቀንና ትክክለኛ መጠኑ በሽያጭ ውሉ ላይ በግዴታ እንዲጻፍ ቢደረግ የዓምናውን የሚሸጥ በዓምናው ዋጋ ይሸጠው ነበር። ገዥም የሚጠብቀውንና የማይጠብቀውን በስልክ ወሬ አይወስንም ነበር።

ወዳጄ ወረቀቷን አልፈረመም። በምትኩ በአደራ ደብዳቤ ማስጠንቀቂያ ልኳል፤ የታዘዘችው መኪና፣ በታዘዘችበት ዋጋ፣ በሠላሳ ቀን ውስጥ እንድትቀርብለት ጠይቋል። ሻጩ እስካሁን የመለሰው ከሁለቱ አንዱን ነው፤ ዋጋው እንደማይነካ በጽሑፍ አረጋግጧል። ስለ ቀኑ ገና እየተነጋገሩ ነው።